የመርጡለ ማርያም ልጅ፦ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ቢቸና የሚጓዝ ሰው ከጎጃም ታላላቅ ገዳማትና አድባራት ደጅ መድረሱ አይቀርም። በቢቸና አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስን ያገኛል። ይህ በመጻሕፍት ትምህርቱ ስሙ የገነነ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነታቸው የተማሩበት ደብር ነው። መንገደኛው ጉዞውን ሲቀጥል ደብረ ወርቅ ማርያምን ያያል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲቃረብ መርጡለ ማርያም ይደርሳል። በዛሬው ጽሑፋችን በዚህች በመጨረሻዋ ገዳም ጥላ ሥር ስላደጉትና ለእምነታቸው በሰንሰለት ታስረው ስለ ሞቱት ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እንነጋገራለን።

በየቁምስናችን ስማቸውን የምንጠራው ብዙዎች ነን፤ ሰማዕትነታቸውንም እናውቃለን። ነገር ግን ሰማዕቱን ያሳደገችውን ቤት፣ እውነትን የመፈለግ ልማድን ያስለመዳቸውን ትምህርት እምብዛም አናስብም። ሞታቸውን በሚገባ ለመረዳት ግን አስቀድመን አስተዳደጋቸውን መመልከት ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደታቸውና ትምህርታቸው

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ ከመርጡለ ማርያም ብዙም በማይርቅ ዲቦ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር የተቀመጡት ነገሥታት ሥልጣናቸው ከስም ያላለፈ፣ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉ፣ ገበሬውም ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ሠራዊት ቀለብ የሚሰፍርበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለው ዘመን ለአንድ የባላገር ልጅ የተከፈቱለት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ሞፈር፣ ጦር ወይም መጽሐፍ። ልጁ ገና በሕፃንነታቸው አንድ ዓይናቸውን በማጣታቸው ለትምህርት ታጩ። ሰው እንደ ጉድለት የቆጠረው ነገር ወደ ጥሪያቸው የሚመራቸው በር ሆነ።

የጎጃም ቤተ ክህነት ትምህርት ምን ያህል ረጅምና አድካሚ እንደ ሆነ አንባብያን ታውቃላችሁ። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ ከዚያም ጎጃም በሀገሩ ሁሉ የታወቀበትን ቅኔ ይማራል፤ በመጨረሻም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ስለ ማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። አባ ገብረ ሚካኤልም በዚህ መንገድ አለፉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ገደማ በመርጡለ ማርያም ገዳም ትምህርት ቤት ገቡ፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃያ አምስት ሲጠጋም በዚያው መነኮሱ።

ያሳደገቻቸው ገዳም

መርጡል ማለት በግእዝ አዳራሽ ወይም ድንኳን ማለት ነው። ስለዚህ መርጡለ ማርያም የማርያም አዳራሽ ማለት ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን በልማድ መርጦ ለማርያም ይለዋል። የገዳሟ ትውፊት ጅማሬዋን እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቆመውን የድንጋይ ፍርስራሽ በሚመለከት ግን ታሪክ በግልጽ የሚያነሣው ስም የንግሥት እሌኒ ነው።

እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ከዚያ በኋላ በተከታታይ በነገሡት ነገሥታት ዘንድ ምክራቸው የሚሰማ ታላቅ ሴት ሆኑ። ዐፄ ልብነ ድንግል በሕፃንነታቸው ሲነግሡ የመንግሥቱን ነገር በእንደራሴነት የመሩት እርሳቸው ናቸው። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው የላኩትም በዚሁ ጊዜ ነው። የፖርቱጋል ልኡካን በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በሀገሩ ተቀምጠው ሳሉም እሌኒ ዐረፉ። እሌኒ በጎጃም በነበራቸው ርስት በመርጡለ ማርያም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ዝናው ከሀገር አልፎ የተሰማ ነበር፤ መሠዊያው የወርቅ እንደ ነበር ተወርቶለታል።

በዛሬዋ ጎጃም ከምናያቸው አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ክብ ናቸው። በውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ በመካከል ቅድስት፣ በውስጥ መቅደስ እየተከበቡ የሚሠሩ፣ ቀድሞ ጣሪያቸው ሣር፣ ዛሬ ቆርቆሮ የሆነ ናቸው። የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ምሥራቅ የረዘመ፣ ግንቡ በተጠረበ ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በድንጋዩ ላይ አበባ፣ ሐረግና እንደ ገመድ የተገመደ ጌጥ በጥንቃቄ ተቀርጿል። ቅስቶቹና የግድግዳው ቅርጾች እጅግ የሠለጠነ ጠራቢ እንደ ሠራቸው ይመሰክራሉ።

ይህ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ፈርሷል። በአሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት በኢማም አሕመድ ጦርነት ተቃጠለ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ወደዚህ ስፍራ መጥተው፣ ከእነርሱም ኢጣሊያዊው ብሩኖ ብሩኒ በአሮጌው ፍርስራሽ መካከል አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ። የእሌኒ ዘመን ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች በአዲሱ ግንብ ውስጥ እንደገና ተደረደሩ። ስለዚህ ፍርስራሹን የሚመረምር ሰው የሁለት ዘመን እጅ በአንድ ግድግዳ ላይ ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል በዐዋጅ ባስገደዱ ጊዜ ምድሪቱ ደም ፈሰሰባት፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹም ምስኪን ገበሬዎች ነበሩ። በ1632 ንጉሡ ዐዋጃቸውን ሻሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጡ። በመርጡለ ማርያም ተጀምሮ የነበረውም ሥራ ፈረሰ። በዐዋጅና በጦር የተተከለ እምነት ሥር እንደማይሰድ ይህ ፍርስራሽ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ወጣቱ ገብረ ሚካኤል መጻሕፍትን የተማሩት በእነዚህ የፈረሱ ግንቦች አጠገብ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ በ1842 መጥቶ ፍርስራሹን በጽሑፍ ሲገልጽም አባ ገብረ ሚካኤል በሕይወት ነበሩ፤ ከገዳማቸው ርቀው ግን በሌላ ጉዞ ላይ ነበሩ።

ያላረፈ ጥያቄ

ኢየሱሳውያን ከወጡ በኋላ በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ታላቅ ክርክር ተነሣ። ኢየሱስ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው የመጽሐፍ ትምህርት ምን ማለት ነው? በጎጃም የጸናው የቅባት ወገን በዚህ መቀባት የክርስቶስ ሰውነት ከበረ ይል ነበር። የተዋሕዶ ወገን ክብሩ በተዋሕዶ ብቻ ነው ሲል፣ የጸጋ ወገን ደግሞ ሦስት ልደት ብሎ ያስተምር ነበር። መርጡለ ማርያም የቅባት ትምህርት ከጸናባቸው ቦታዎች አንዷ ስለ ነበረች አባ ገብረ ሚካኤልም መጀመሪያ የተማሩት ይህንኑ ነው።

እርሳቸው ግን በተቀበሉት ብቻ ረክተው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። አስቀድሞ ያስጨነቃቸው የምንኩስና ኑሮ መላላት ነበር። የጥንቶቹ መነኮሳት ሥርዓት ምን ነበር? ከዚያስ እንዴት ወደዚህ ተደረሰ? ብለው መመርመር ጀመሩ። ለዚህም ከገዳማቸው ወጥተው በየገዳማቱ መጻሕፍትን ፈለጉ፤ ብዙ ሊቃውንት ወደ ተሰበሰቡባት ወደ ጎንደርም ሄደው ተማሩ፣ አስተማሩም። በዙሪያቸው ደቀ መዛሙርት ተሰበሰቡ። የሥነ ምግባር ጥያቄያቸው ቀስ በቀስ ወደ እምነት ጥያቄ አደገ፤ ሦስቱ ወገኖች በአንድ መጽሐፍ እያመኑ ስለ ምን ተለያዩ? እውነቱ የት ይገኛል? አሉ።

ከዓድዋ እስከ ሮም

በ1841 የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ የሚያመጡ ልኡካን ወደ ግብፅ ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ሄዱ፤ ሐሳባቸው ኢየሩሳሌምን መሳለም ነበር። በዚህ ጉዞ ልኡካኑን እንዲያጅቡ በደጃዝማቹ የተለመኑት ኢጣሊያዊው የማኅበረ ልኡካን ካህን፣ በኋላ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ ነበሩ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ልኡካኑ የውጭውን ካህን በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር፤ እርሳቸው ግን በትሕትና፣ በትዕግሥትና የሀገሩን ልማድ በማክበር ይመልሱ ነበር።

በካይሮ ወጣቱ እንድርያስ ተሾሙና አቡነ ሰላማ ተብለው ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ። ከልኡካኑ ከፊሎቹ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ጋር ወደ ሮም አቀኑ፤ በኦገስት ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ። አባ ገብረ ሚካኤል ያዩትን ሁሉ መዝነው በልባቸው ያዙ እንጂ ወዲያው እምነታቸውን አልለወጡም። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ እንደሚነግሩን፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረው ክርክር እንዲቋጭ ከፓትርያርኩ ደብዳቤ ይዘው ተመልሰው ነበር። አቡነ ሰላማ ግን በዚያ አልተስማሙም፤ በሁለቱ መካከልም ቅራኔ ተፈጠረ።

አባ ገብረ ሚካኤል ለብዙ ጊዜ ከጸለዩ፣ ካነበቡና ከተወያዩ በኋላ በ1844 መጀመሪያ በቅዱስ ዮስጢኖስ እጅ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ይህን ልብ እንበል፤ በሀገሩ የተከበረ መምህር፣ ደቀ መዛሙርት ያሉት ሊቅ በዚያ ዕድሜ እንደገና ተማሪ ለመሆን አላፈረም። ውሳኔያቸው የችኮላ ፍሬ ሳይሆን ለሠላሳ ዓመት ያህል ያላቋረጠ ጥያቄ መልስ ነበር።

መምህሩ

ቅዱስ ዮስጢኖስ በአጋሜ፣ በጓላ የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ዋናው ረዳታቸው አባ ገብረ ሚካኤል ሆኑ። ወጣቶችን አስተማሩ፤ ለኢትዮጵያውያን የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ የሥነ ምግባር ትምህርተ መለኮት መጽሐፍ ወደ ግእዝ ለመመለስ፣ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀትም ደከሙ። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን ይህ የሕይወታቸው ክፍል ከሰማዕትነታቸው ያላነሰ ትምህርት አለው። በመርጡለ ማርያምና በጎንደር የቀሰሙትን አልጣሉም። የግእዙን ቃል፣ የትርጓሜውን ስልት፣ የቅኔ ቤቱን ጥንቃቄ ይዘው መጡና ለአዲሱ አገልግሎታቸው አዋሉት። ካቶሊክ ለመሆን ኢትዮጵያዊነትን መተው እንደማያስፈልግ በሥራቸው አሳዩ።

ቅዱስ ዮስጢኖስ በ1849 በምፅዋ በአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። በ1851 መጀመሪያም አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበው አዲሱ ቄስ ለክህነት አገልግሎት የተሰጣቸው ጊዜ ከአምስት ዓመት ያነሰ ነበር፤ ከዚያም ላይ አንድ ዓመት ያህሉ በሰንሰለት ያለፈ ነው።

በእግር ብረት

በ1853 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በዚሁ በጎጃም ምድር፣ በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሡ። ካሣ የተበታተነችውን ሀገር አንድ ማድረግ፣ ለዚህም አንድ ሃይማኖት ማጽናት ፈለጉ። ለንግሣቸውም የጳጳሱ የአቡነ ሰላማ ቡራኬ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1854 በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ የተዋሕዶ ትምህርት ብቻ እንዲጸና ተወሰነ። ስለዚህ የተገፉት ካቶሊኮች ብቻ አልነበሩም፤ የሌሎቹም ወገኖች ሊቃውንት ትምህርታቸውን እንዲተዉ ተገደዱ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ቅዱስ ዮስጢኖስ፣ አባ ገብረ ሚካኤልና ሌሎች ጓደኞቻቸው በጎንደር ተያዙ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ከወራት እስራት በኋላ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። ኢትዮጵያውያኑ ግን በእስር ቀሩ። እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ ረኃብና ግርፋት እየተፈራረቀባቸው ለወራት ቆዩ። አባ ገብረ ሚካኤል በተደጋጋሚ ወደ አቡነ ሰላማ ፊት ቀርበው እምነታቸውን እንዲክዱ ተጠየቁ፤ በጳጳሱ ሥልጣን ላይ የስድብ ቃል ሳይናገሩ፣ የሚያምኑትን ግን ሳይሸሽጉ መለሱ።

በፌብሩዋሪ 1855 ካሣ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በማርች ወር አባ ገብረ ሚካኤል በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። አሁንም እምቢ ባሉ ጊዜ ክፉኛ ተገረፉ። ከግርፋቱ ብዛት የሞቱ መስሏቸው የነበሩት ወታደሮች በሕይወት ባገኟቸው ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚል ስም እንዳወጡላቸው ይነገራል፤ ሰማዕቱ ጊዮርጊስም ሞቶ ተነሥቷል ተብሎ በገድሉ ይተረካልና። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ባደረጉት ዘመቻ ሽማግሌው መነኩሴ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሠራዊቱን ተከትለው እንዲጓዙ ተደረገ።

በሜይ ወር መጨረሻ እንደገና ለፍርድ ቀረቡ፤ ሞትም ተፈረደባቸው። በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ምሕረቱ ግን ሞትን ከማዘግየት አላለፈም። በዚያ ክረምት ሠራዊቱን የኮሌራ በሽታ ገባው። አባ ገብረ ሚካኤል ከሚሰጣቸው ጥቂት ምግብ ለታመሙት ያካፍሉ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል። ኃይላቸው አልቆ ኦገስት 28 ቀን 1855 በጉዞ ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 64 ነበር። ጠባቂዎቻቸው ሳይቀሩ አለቀሱላቸው፤ ሰንሰለቱን ፈትተው ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። መቃብራቸው ከዚያ ወዲህ ሊገኝ አልቻለም።

ቅዱስ ዮስጢኖስ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ በበረሃ ጉዞ ላይ ሳሉ ሞቱ፤ በ1975ም ቅድስናቸው በጳውሎስ 6ኛ ታወጀ። አባ ገብረ ሚካኤልን ኦክቶበር 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብለው ያወጁት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ናቸው።

ለእኛ የቀረልን

የሰማዕትን ታሪክ ስንተርክ አንድ ፈተና ይገጥመናል፤ ይኸውም የሞቱበትን እውነት ትተን የገደሏቸውን ሰዎች ክፋት መቁጠር ነው። እንዲህ ብናደርግ ሰማዕቱን አናከብርም። አባ ገብረ ሚካኤልን ፊደል ያስቆጠረቻቸው፣ ዳዊት ያስደገመቻቸው፣ የምንኩስናን ቆብ የደፋችላቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ናት። የእኛም ወገን በሱስንዮስ ዘመን ዐዋጅና ጦር እንደ ተደገፈ አንረሳም። የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ለሁለታችንም ይናገራል።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። አባ ገብረ ሚካኤልና አቡነ ሰላማ የተለያዩበት ጥያቄ፣ ማለትም የክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት እንዴት አንድ ሆነ የሚለው፣ ከ118 ዓመት በኋላ በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በጋራ ታይቷል። በሜይ 1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በሮም ተገናኝተው ጌታችን ፍጹም አምላክና ፍጹም ሰው መሆኑን፣ አምላክነቱና ሰውነቱም ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ መሆናቸውን በአንድ ቃል መሰከሩ። ልዩነቱ ሁሉ አልተፈታም። ሆኖም ወንድማማቾች ረጋ ብለው ሲነጋገሩ ግርፋት ሊያደርገው ያልቻለውን ነገር ማድረግ እንደሚቻል አየን። አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደርና በካይሮ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር፤ ሊቃውንት ተቀምጠው በመጽሐፍ እንዲተማመኑ።

እንግዲህ ወደዚያ አገር ለመጓዝ ዕድሉ የገጠመን ምእመናን በዲማና በደብረ ወርቅ አልፈን መርጡለ ማርያም ስንደርስ በአክብሮት እንግባ። ገዳሙ የወንድሞቻችን ቤት ነው፤ የጸሎት ሥርዓቱን እንጠብቅ፣ ጫማችንን እናውልቅ፣ ድንጋዩን እንይ እንጂ አንንካ። የብፁዕ አባታችንን መቃብር ፈልገን የምንሳለምበት ስፍራ የለንም። ያደጉባት ቤት ግን አለች፤ የእሌኒ አበባና ሐረግ በተቀረጸበት ግድግዳ አጠገብ ዛሬም ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ይማራል። በዚያ ቆመን እርሳቸው በጀመሩት ጥያቄ ብንጸልይ፣ የምናስተምረውን ትምህርት አስቀድመን ራሳችን እንድንመረምርና የምናምነውን ያለ ጥላቻ እንድንመሰክር ጸጋውን ብንለምን፣ በዓላቸውን በሚገባ አከበርን ማለት ነው።